የዲይቨርሲቲ ቢሮ ተዘጋ ማለት ሥራው ቀረ ማለት ነው?

ሰላም እህቴ፣

ቨርጂኒያ ሆነሽ በሶሺዮሎጂ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አድልዎን በመከላከል ሥራ መቀጠር ትፈልጊያለሽ። «ግን የዲይቨርሲቲ (የብዝኃነትና እኩልነት) ቢሮዎቹ እየተዘጉ ነው፤ ሌላ ነገር ልፈልግ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ስጋትሽ ልክ ነው። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ዓይነት ቢሮ እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። ማርች 2025 ላይ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ቢሮው እንዲፈርስ ወሰነ። በዚያው ወር ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም የራሱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ስለዚህ ያለምሽው «የዲይቨርሲቲ ዳይሬክተር» የሚለውን ወንበር ከሆነ፣ ለጊዜው ተዪው።

አድልዎን የሚከለክሉት የፌዴራል ሕጎች ግን አልተሻሩም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሲክስ ዘርን፣ ቀለምንና የትውልድ አገርን ይመለከታል። የ1972ቱ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ታይትል ናይን ፆታን፣ የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ ክፍል 504 ደግሞ አካል ጉዳትን። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የታይትል ናይን አስተባባሪ የመመደብ ግዴታ አለበት። የፌዴራሉ አስተዳደር በተቀየረ ቁጥር አፈጻጸሙ ይቀያየራል፣ ራስ ያዞራል፤ ቢሆንም አቤቱታ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ሥራ ስትፈልጊ «ሲቪል ራይትስ» (የሲቪል መብቶች)፣ «ኢኳል ኦፖርቹኒቲ» (እኩል ዕድል)፣ «ኮምፕላያንስ» (ሕግ መከበሩን መከታተል) እያልሽ ፈልጊ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎች ይህን ሥራ ለተበደለ ጥብቅና መቆም ይመስላቸዋል። አይደለም። የአቤቱታ መርማሪ ከሆንሽ ከሳሽንም ተከሳሽንም እኩል ታዳምጫለሽ። በ2020 በወጣው የታይትል ናይን ደንብ መሠረት ተከሳሹ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃውን አይተው መልስ እንዲሰጡ ቢያንስ 10 ቀን ያገኛሉ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውም አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ነው። የሰማሽውን ደግሞ ለማንም አታወሪም፤ ቡና ላይ እንኳ! እንደኛ ሁሉም በሚተዋወቅበት ኮሚኒቲ ይሄ ቀላል አይደለም። ለአንድ ወገን ካልቆምኩ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትዪ ከሆነ፣ የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ወይም ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለ የመብት ድርጅት ይሻልሻል።

የሶሺዮሎጂ ትምህርትሽ እዚህ ያግዝሻል። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርገሽ ከሆነ፣ ሲቪሽ ላይ ከላይ አስፍሪው። መልሱን ሳይጠቁሙ መጠየቅና የሰሙትን ሳያጣምሙ መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው። የሕግ ዲግሪ ቢኖር ጥሩ ነው፤ የግድ ግን አይደለም።

ከመመረቅሽ በፊት በዶርም አስተዳደር ወይም በተማሪዎች ዲሲፕሊን ክፍል የትርፍ ሰዓት ሥራ ፈልጊ። ክፍያው አያኮራም፤ አቤቱታ እንዴት እንደሚመዘገብ ግን በተግባር ታያለሽ። ከዚያ አቤቱታ ተቀባይ ወይም የጉዳይ ክትትል ሠራተኛ ለሚሉት ጀማሪ ቦታዎች አመልክቺ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ተከሳሹ የምታውቂው ሰው ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?» ሊሉሽ ይችላሉ። «ፍትሐዊ ለመሆን እሞክራለሁ» እንዳትዪ። ወዲያው ለአለቃሽ አሳውቀሽ ጉዳዩን ለሌላ መርማሪ እንደምታስረክቢ ንገሪያቸው።