ወደብ ቢኖረን ጉድለቱ ይሞላ ነበር? ከአዳማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባንክ ውስጥ በዓለም አቀፍ ንግድ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪው ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) መክፈትና የላኪዎችን ሰነድ መመርመር ነበር። ስለ አገራችን የንግድ ጉድለት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ጥያቄዎች መጥተዋል፤ አብዛኞቹ ከዚሁ ከአዳማ ናቸው፤ ከመለዋወጫ ሱቆች፣ ከቦሎቄ መጋዘኖች፣ ከጅቡቲ መስመር ሾፌሮችና ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። አንዳንዱን በሰፊው፣ አንዳንዱን ባጭሩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ጋሼ፣ የንግድ ጉድለት አለ ማለት አገር ከሰረች ማለት ነው?

አይደለም። ወደ ውጭ ከላክነው ዕቃ ያገኘነው ዶላር ከውጭ ላስገባነው ከከፈልነው ሲያንስ ልዩነቱ ጉድለት ይባላል። በ2015 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ የላከችው ዕቃ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገኝ ያስገባችው ግን ወደ 17 ቢሊዮን ነበር። አንድ ዶላር አግኝተን አምስት ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገዝተናል ማለት ነው።

ጉድለት መኖሩ ብቻውን አያስደነግጠኝም። ለግድብ ተርባይን ወይም ለፋብሪካ ማሽን የወጣ ዶላር ነገ ሊመለስ ይችላል። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በዶላሩ ምን ተገዛ? የጎደለውስ በምን ተሞላ? ለዘይት፣ ለስንዴና ለነዳጅ ወጥቶ በብድር የተሞላ ጉድለት ይከብዳል፤ ዕቃው ተበልቶና ተቃጥሎ ሲያልቅ ዕዳው ይቀራልና።

ጥያቄ (የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ)፦ ታዲያ የጎደለውን 13 ቢሊዮን ዶላር ማን ከፈለው?

ከፊሉን ውጭ ያሉ ልጆቻችሁ። በሐዋላ የሚገባው ገንዘብ ከዕቃ ወጪ ንግዱ ገቢ የበለጠባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬትና ካርጎ ሸጦ የሚያመጣው ዶላርም አለ፤ አገልግሎት ስለሆነ በዕቃ ንግዱ ቁጥር ውስጥ አይታይም። ከዚያ የውጭ ባለሀብት ይዞት የሚመጣው፣ እርዳታና ብድር ይከተላሉ።

ብድሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2007 ዓ.ም. አገራችን ዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሚሸጥ የብድር ሰነድ፣ ሸጣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። በታኅሣሥ 2016 የዚያ ብድር ወለድ የሆነው 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ። ለአንድ አገር 33 ሚሊዮን ብዙ ገንዘብ አልነበረም። ግን ወጪ ንግድ ካላደገ ብድሩ የሚከፈልበት ዶላር ከየት ይመጣል? ብድር የሚመለሰው በዶላር ነው፤ ብር ማተም አያድንም።

ጥያቄ (የተሳቢ ሾፌር)፦ ከጅቡቲ ሙሉ ጭነን እንመጣለን፤ ስንወርድ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነን። ይሄ ከጉድለቱ ጋር ይገናኛል?

ወንድሜ፣ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ያንተን ወድጄዋለሁ። በደንብ ይገናኛል።

ወደ አገር የሚገባው ዕቃ በክብደትም ከሚወጣው በብዙ ይበልጣል። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረትና ነዳጅ ሲገባ፣ የሚወጣው ቡና፣ ሰሊጥና ቦሎቄ ነው። ስለዚህ በሚሌና በጋላፊ ሙሉ ሆኖ የገባው ተሳቢ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ የሚጭነው ያጣል። የነዳጁ፣ የጎማው፣ የአንተም አበል የደርሶ መልስ ነው፤ የሚከፍለው ግን የመምጫው ጭነት ብቻ ነው። የመኪናው ባለቤት ታሪፍ ሲነጋገር የባዶውን ጉዞ ጨምሮ ነው፤ ካልጨመረ አያዋጣውም። ኮንቴይነሩም እንደዚሁ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከተራገፈ በኋላ ብዙው ባዶውን ይመለሳል፤ ከቀኑ ካለፈም ኪራይ ይቆጥራል።

እንግዲህ ተመልከት። የምንልከው ስላነሰ የማጓጓዣው ዋጋ ይወደዳል፤ ማጓጓዣው ሲወደድ ፋብሪካዎቻችን የሚያስገቡት ጥሬ ዕቃ ይወደዳል፤ ያኔ የሚያመርቱት ዕቃ ውጭ ገበያ ላይ መወዳደር ያቅተዋል፤ የምንልከው ይባስ ያንሳል። ዙሩ የሚሰበረው ከላኪው በኩል ነው።

ጥያቄ (የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ)፦ እዚህ ሱቄ የሚደርሰው ዕቃ ዱባይ ከገዛሁበት እጥፍ ይሆንብኛል። የባሕር በር ስለሌለን ነው?

በከፊል። አስመጪ ሆኖ ይህን የማያውቅ ብዙ ስላለ በቁጥር ላሳይዎት።

ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንሱና እስከ መግቢያ ኬላ ያለው ማጓጓዣ ይደመርበታል። የ100 ብር ዕቃ ገዝተው ለማጓጓዣ 20 ብር ከፈሉ እንበል። ቀረጡ 30 በመቶ ቢሆን የሚሰላው በ120 ላይ ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር። በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ባይኖርበት እንኳ፣ ያቺ የ20 ብር ማጓጓዣ ታክስ ታክሱን ይዛ ሱቅዎ ስትደርስ ወደ 33 ብር ሆናለች። የባሕር በር የሌለው አገር ነጋዴ ለርቀቱ አንዴ ከፍሎ አያበቃም፤ በርቀቱ ላይ ግብርም ይከፍላል። የመለዋወጫው ዋጋ ደግሞ በመኪናው በኩል ወደ ሽንኩርቱም ወደ ጤፉም ይሄዳል።

አንድ የስሌት ጉዳይ ልጨምር። በንግድ ሚዛኑ መዝገብ ገቢ ዕቃ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት ሲመዘገብ፣ ወጪ ዕቃ ግን ያለ ማጓጓዣው ይመዘገባል። ርቀቱ ራሱ ጉድለቱን በወረቀት ላይ ያሳብጠዋል ማለት ነው።

ጥያቄ (ጡረተኛ መምህር)፦ አሰብ በእጃችን ቢሆን ኖሮ እዚህ ውስጥ እንገባ ነበር?

ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ስሜቱም ይገባኛል። አሰብን ከ1990ው ጦርነት በኋላ መጠቀም ካቆምን ወዲህ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በአንድ በር ላይ መንጠልጠል አደጋ አለው፤ የመደራደር አቅምም ያሳጣል። አማራጭ ወደብ መፈለጉ ትክክል ነው።

ሒሳቡን ግን አብረን እናስላው። ለወደብና ለትራንዚት በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወጣል ይባላል። ይህ ወጪ ነገ ጠዋት ዜሮ ቢሆን፣ የ2015ቱ የ13 ቢሊዮን ጉድለት ወደ 12 ቢሊዮን ገደማ ቢወርድ ነው። ቀሪው ከወደብ የመጣ አይደለም። ወደብ በነበረን ዘመንም ቡናና ቆዳ ልከን መኪናና ነዳጅ እናስገባ ነበር። የባሕር በር ማጣት ያለብንን ችግር ያስወድደዋል፤ ችግሩ ግን የምንልከው ዕቃ ጥቂትና ጥሬ መሆኑ ነው። እኔ በዚህ አቋሜ እጸናለሁ።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ስዊዘርላንድም የባሕር በር የላትም፤ እንዴት ትርፍ አላት?

መድኃኒት፣ ሰዓትና ማሽን ስለምትልክ። ዕቃው ከክብደቱ ይልቅ ዋጋው ይበልጣል፤ ማጓጓዣው አያሰጋትም። ቦትስዋናም ባሕር የላትም፤ አልማዟ በአውሮፕላን ይሄዳል። እኛም ምሳሌ አለን፤ ከቆቃና ከባቱ የሚወጣው አበባ ጅቡቲን ሳያይ በአየር ይጫናል፤ አገሪቱ ከዘርፉ በዓመት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኘችባቸው ዓመታት አሉ።

ጥያቄ (ቦሎቄ መጋዘን የምትሠራ)፦ ቀኑን ሙሉ ቦሎቄ ስንለቅም እንውላለን። ይሄ ሁሉ ቦሎቄ ወጥቶ እንዴት ዶላር ይጠፋል?

እህቴ፣ ሥራሽን አውቀዋለሁ፤ የላኪ ሰነድ ሳጣራ መጋዘኖቹን አይቻለሁ። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጠጠሩን፣ የተሰነጠቀውንና ቀለሙ የተለወጠውን በእጃቸው እየለዩ ነጩን ብቻ ያስቀራሉ። አዳማ የነጭ ቦሎቄ ንግድ ማዕከል የሆነችው በስምጥ ሸለቆ አርሶ አደሮችና በእናንተ እጅ ነው፤ አጠገባችን ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከልም ለውጭ ገበያ የሚሆኑ ዝርያዎችን አውጥቶ ረድቷል።

ያ ቦሎቄ ግን ከዚህ የሚወጣው በጆንያ ነው። አውሮፓ ሲደርስ በቲማቲም ሶስ ተቀቅሎ በቆርቆሮ ይታሸጋል፤ ትልቁ ዋጋ የሚጨመረው እዚያ ነው። ቲማቲሙ በቆቃና በመቂ ሞልቶ ዋጋ አጥቶ የሚደፋበት ወቅት አለ። ቆርቆሮው ግን ከውጭ ይገባል፤ መብራት ይቆራረጣል፤ የሥራ ማስኬጃ ብድር አይገኝም። የእኛ ጉድለት ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 250 ኩንታል ቦሎቄ ይይዛል፤ ለዚያ ሁሉ ድካም የሚመጣው ዶላር ለአንድ የጭነት መኪና መግዣ እንኳ አይበቃም።

ጥያቄ (ደላላ)፦ ከጥቂት ዓመት በፊት ቦሎቄም ሰሊጥም እዚህ ከውጭ ገበያ በላይ ይሸጥ ነበር። ላኪው እየከሰረ ለምን ይገዛ ነበር?

ዶላሩን ለማግኘት ነዋ። ዶላር ባንክ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ላኪ የሆነ ሰው ካመጣው ላይ የተወሰነውን ለራሱ ማስመጫ ይጠቀምበት ነበር። ቦሎቄው ላይ ይከስርና ባመጣው ብረት ወይም መለዋወጫ ላይ እጥፍ ያተርፋል። ኪሳራውን የሚከፍለው ሸማቹ ነው። በሙያው ብቻ የሚኖረው እውነተኛ ላኪ ግን በዚያ ዋጋ ገዝቶ መወዳደር አቅቶት ከገበያ ወጣ። ኮንትራት ላይ ዋጋ ዝቅ አድርገው እየጻፉ ልዩነቱን ውጭ የሚያስቀሩም ነበሩ። ጉድለት ካስከተላቸው ጉዳቶች ሁሉ ይሄ ያሳዝነኛል፤ ሐቀኛውን አባሮ ሌላውን አበለጸገ።

ጥያቄ (የመለዋወጫ ነጋዴው ድጋሚ)፦ ብሩ ተለቀቀ፤ ጉድለቱ ጠበበ ወይስ ኑሮ ብቻ ተወደደ?

ሁለቱም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 በጀት ዓመት የዕቃ ወጪ ንግድ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት ከእጥፍ በላይ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ውስጡን እንየው። ወርቅና ቡና ብቻ ወደ 6 ቢሊዮን ይጠጋሉ። በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወርቅ የባንኩ ዋጋ ሲሻለው ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ፤ የሁለቱም የዓለም ዋጋ በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ዋጋ ደግሞ ይወርዳል።

ቦሎቄ በሦስት ወር ይደርሳል፤ አርሶ አደሩ ዋጋ ካየ ለከርሞ ይጨምራል። ቡና ግን ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ፋብሪካም እንደዚያው። ነዳጅና ማዳበሪያ ደግሞ ቢወደዱም መግዛታችን አይቀርም። የኑሮ ውድነቱ ቶሎ የመጣው፣ ጥቅሙ የዘገየው ለዚህ ነው። እርስዎ ላይ ደግሞ ቀረጡ የሚሰላበት ዋጋም በአዲሱ ምንዛሪ ከፍ አለ።

ጥያቄ (የቤት እመቤት)፦ ልጄ፣ ሰሊጥና ኑግ ያለን ሰዎች ዘይት ከውጭ ለምን እንገዛለን?

እናቴ፣ ሰሊጡ በጥሬው ሲሸጥ ቶሎ ዶላር ያመጣል፤ ነጋዴው እሱን ይመርጣል። ፓልም ዘይት ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ሲገባ በርካሽ ነው። የአገር ውስጥ ዘይት ፋብሪካ በሁለቱ መሃል ተይዞ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ይቆማል። ዝም ብሎ ኤክስፖርቱን ማገድ ዶላሩን ያሳጣል፤ የሚሻለው የምርቱን መጠን ማሳደግ ነው፤ በሄክታር የሚገኘው ዛሬም ዝቅተኛ ነው። ስኳርም ያው ነው፤ አጠገባችን ያለው ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያመርት እስከ ቅርብ ዓመታት ስኳር ከውጭ ስናስገባ ኖረናል።

ጥያቄ፦ የቅንጦት ዕቃ ማገድስ?

በጥቅምት 2015 ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ ተከለከለ፤ ከ2016ቱ ለውጥ ጋር ተነሣ። ዕቃው በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቆመም፤ መንግሥት ቀረጡን አጣ። ትልቁ ወጪ ደግሞ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ማሽንና ምግብ ነው፤ ሽቶና ቸኮሌት ቢታገድ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናውስ?

ነዳጅ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለሚወስድ አቅጣጫው ትክክል ነው። መኪናውም ባትሪውም ግን በዶላር ነው የሚገባው፤ ቁጠባው የሚታየው በዓመታት ነው። ከፍተኛውን ነዳጅ ከሚጠጡት መካከል ያሉት ተሳቢዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚሄዱት በናፍጣ ነው።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ለውጥ አላመጣም?

አምጥቷል፤ በ2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከጅቡቲ ያለው ጉዞ አጥሯል። የሾፌሩ ችግር ግን ባቡሩም ላይ አለ፤ ሲመለስ የሚጭነው ያንሰዋል።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የትኛውን ቁጥር ልከታተል?

የዶላሩን ብቻ አትይ፤ ከጎኑ ያለውን ቶን እይ። ዶላሩ አድጎ ቶኑ ካላደገ ያደገው ዋጋው ነው። ብሔራዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ ሁለቱንም ያወጣል። ቡናና ወርቅን ቀንሰሽ የቀረውን ለብቻው ሥሪው፤ ቅባት እህሉን፣ ጥራጥሬውን፣ ጨርቃ ጨርቁን፣ ቆዳውን። ጊዜ ካለሽ አንድ ነገር ጨምሪ፤ ሞጆ ሄደሽ ከሚወጡት ኮንቴይነሮች ስንቱ ሙሉ፣ ስንቱ ባዶ እንደሆነ በወር በወር ጠይቂና ከወጪ ንግዱ ቶን ጋር አስተያዪው። የደረቅ ወደቡ ሠራተኞች የትብብር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ይዘሽ ከሄድሽ ይረዱሻል።