ኢንሱሊኑ ከቀጠሮው በፊት ለምን ያልቃል?

ጥያቄ፦ እናቴ በመንግሥት ሆስፒታል የስኳር ሕመም ክትትል አላት። የምትወጋው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ነው፤ ጠዋት 24፣ ማታ 12 ዩኒት። ቀጠሮዋ በየሦስት ወሩ ሲሆን ሁልጊዜ መድኃኒቱ ቀድሞ ያልቅባታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን ሄደን ሐኪም ፊት አምስት ደቂቃ አንቆይም። ባለፈው ደግሞ ካርዷ ጠፋ ተባልን። ምን ይሻለናል?
ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ በቅድሚያ ሒሳቡን እንሥራው። እናትዎ በቀን 36 ዩኒት ይወጋሉ፤ በ90 ቀን 3240 ይሆናል። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ የሚይዘው 1000 ዩኒት ነው። «ለወር አንድ» እየተባለ ሦስት ብልቃጥ ከታዘዘ 240 ዩኒት ይጎድላል፤ ይህ ከስድስት ቀን በላይ ያለ መድኃኒት መቆየት ነው። አየር ሲያስወጡ የሚፈሰውና ቀጠሮው በበዓል ምክንያት ሲገፋ የሚጨመረው ቀን ገና አልታሰበም። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ማዘዣውን አይተው አራት ብልቃጥ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ጥፋቱ የእናትዎ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ብዙ ሰው 24ቱን ወደ 15 አውርዶ ለማዳረስ ይሞክራል። ስኳሩ ይወጣል፤ በቀጠሮው ዕለት ሐኪሙ ከፍ ያለውን ቁጥር አይቶ መጠኑን ይጨምራል። አዲሱ ብልቃጥ ተከፍቶ የተጨመረው መጠን በሙሉ ሲወጋ ደግሞ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። መቀነስ የግድ ሆኖባችሁ ከነበረ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ስንት ዩኒት እንደተወጋ ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይውጡ።

በቀጠሮው ጠዋት ኢንሱሊኑን ቤት ወግተው በባዶ ሆድ ሰልፍ መያዝ የለባቸውም። ብልቃጡን፣ ሲሪንጁንና ቁርሱን ይዘው ይሂዱ፤ ለምርመራ ደም ከተሰጠ በኋላ ምግቡ እጃቸው ላይ ሲሆን ይውጉ። ላብ ካላባቸው ወይም ከተንቀጠቀጡ ግን የስኳር መውረድ ምልክት ነውና ደም እስኪወሰድ አይጠበቅም፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ይድገሙ።

በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር የሚናገረው ስለዚያ ጠዋት ብቻ ነው። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የሚያሳየው ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ሲሆን ጾም አያስፈልገውም። ሆስፒታሉ ውስጥ ካለ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ደም ማነስ ካለባቸው ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ይንገሩ። በቤት የስኳር መለኪያ ካላችሁና ደም የሚነካበት ስትሪፕ ውድ ከሆነባችሁ ለቀጠሮው የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ምረጡ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከቁርስና ከእራት በፊት ለክታችሁ ጻፉ። ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊያነበው የሚችለው ይህን ነው።

ለካርዱ አንድ ደብተር ይበቃል፤ የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የየቀጠሮው ውጤት ይጻፍበት። የሐኪሙንም ጽሑፍ ካርዱ ሳይመለስ በስልክ ፎቶ ያንሱት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የዓይን፣ የእግር፣ ኩላሊትን የሚያሳዩት የክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ መጨረሻ የተደረገበትን ቀን ያስፍሩ፤ አራቱም በዓመት አንዴ መታየት አለባቸው፣ በጥድፊያው መካከል የሚረሱትም እነሱ ናቸው።