መልሱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ልላከው?

ጥያቄ፦ አባ፣ በልጄ ክርስትና ዕለት የባሌ እህት እንግዳ ፊት «ይሄን ወጥ ማን ነው የሠራው? ሽንኩርቱ እንኳ አልበሰለም» አለችኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሬ ነው ያቁላላሁት! መልሷን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ በቤተሰቡ ቴሌግራም ልልከው ነው። ጓደኛዬ «መጀመሪያ ጸልዪ» ትለኛለች። ምን ብዬ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያንገበግባል፤ አይካድም። ግን ዳዊትን ተመልከቺ። የቅዒላን ከተማ ከጠላት ለማዳን ሲወጣ እግዚአብሔርን ሁለት ጊዜ ጠይቋል (1ኛ ሳሙኤል 23)። ናባል የሚባል ባለጸጋ ሲሰድበው ግን፣ ምዕራፍ 25 ላይ፣ ጠየቀ የሚል የለም። ቀጥታ ሰይፍ አስታጥቆ 400 ሰው ይዞ ወጣ። ለጦርነት የጠየቀ ሰው ለስድብ አልጠየቀም! ስንሰደብ መልሱ ግልጽ ይመስለናላ። ያስቆመችው የናባል ሚስት አቢግያ ናት፤ 200 እንጀራና የወይን ጠጅ በአህያ አስጭና መንገድ ላይ ደረሰችበት። እግዚአብሔር እንደላካት ያኔ ገባው።

አንቺም ዛሬ አትላኪው። አባታችን ሆይ ደግመሽ ስትጨርሺ ስሟን ጥሪና «ምን ልበላት?» በዪ። ከሰማይ ድምፅ አትጠብቂ፤ መልሱ በባልሽ ወይም በንስሐ አባትሽ አፍ ሊመጣ ይችላል። መናገር ካለብሽ፣ ማቴዎስ 18፥15 መጀመሪያ ለብቻዋ ነው የሚለው። ደውይላት። ጠዋት ይሁን ታዲያ፤ ማታ ሰው ስልክ የሚያነሳው ደክሞት ነው።