የወጣቶች ክበብን ለብቻ ስለማቋቋም ለቀረበ ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ክበቡን ብቻዎን ለመጀመር እንዳሰቡ ገልጸው፣ ወጣቶቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዳይበተኑ ምን ማድረግ እንደሚገባዎ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት በቅድሚያ መታረም ያለበት «ብቻዬን» የሚለው ሐሳብ ነው። በእያንዳንዱ መርሐ ግብር ላይ ቢያንስ ሁለት ዐዋቂዎች መገኘት አለባቸው፤ ይህም አንዱ የታመመ ወይም የተጎዳ ልጅ ሲረዳ ሌላው ከቀሩት ጋር እንዲቆይ ከማስቻሉም በላይ፣ ማንም ዐዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው እይታ ተለይቶ እንዳይቀር በማድረግ ልጁንም መሪውንም ይጠብቃል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድና የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር አስቀድመው ይያዙ።

ክበብ የሚበተነው ብዙውን ጊዜ በገንዘብ እጥረት ሳይሆን፣ መሪው ሁሉን ነገር ራሱ ወስኖ ወጣቶቹን ተመልካች ስለሚያደርጋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከቷቸው ጉዳዮች ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በክበብ ደረጃ ይህ ማለት የሚሠሩትንም ሆነ የሚተዳደሩበትን ደንብ ተወያይተው ያወጣሉ ማለት ነው፤ ምርጫቸው ለእርስዎ አሰልቺ ቢመስልም (መምሰሉም አይቀርም) ይታገሡ።

የመሰብሰቢያ ቀንና ሰዓት አይቀያይሩ። መዋጮ ካለ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የ12 እና የ17 ዓመት ልጆችን በአንድ ቡድን ማድረግን ግን አልመክርም፤ አቅም ካነሰዎ በአንዱ የዕድሜ ክልል ብቻ ይጀምሩ።