ሻምፓኝ በጎራዴ፦ ስለቱን ተዉትና ጀርባውን እዩ

የጥር ሠርግ እየተቃረበ ነው፤ በዚህ ሰሞን ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱን ጥያቄዎችም በአንድ ዕቃ ዙሪያ ናቸው፦ በእጅ የተሠራ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ሻምፓኝ የሚከፈትበት ጎራዴ።

«ለልጄ ሠርግ ጎራዴ እያሠራሁ ነው። ብረት ሠሪው እንደ ምላጭ ልሳለው እያለ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቀኛል። ልክፈለው?» (የሙሽራዋ እናት፣ ለገጣፎ)

አይክፈሉት፣ እናቴ። ጠርሙሱን የሚከፍተው ስለት አይደለም። የሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው፤ የቤት መኪና ጎማ የሚይዘው 2 ከምናምን ነው። ጠርሙሱን በጣትዎ ቢዳስሱት ከትከሻው ወደ አፉ የሚወጣ ቀጭን መስመር ያገኛሉ፤ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት ስፌት ነው። ይህ ስፌት ከአፉ በታች ካለው ወፍራም የብርጭቆ ቀለበት ጋር የሚገናኝበት ነጥብ የጠርሙሱ ደካማ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጠጣር ብረት በፍጥነት ሲያርፍ ስንጥቅ ይጀምራል፤ የቀረውን ግፊቱ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ቀለበቱን ከነቡሹ ቆርጦ ይወረውረዋል።

ይህን ሥራ የሚሠራው የጎራዴው ጀርባ ነው። የተሳለ ስለት ብርጭቆ ሲነካ ይሸራረፋል፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ድግስ መሀል መያዙም ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ለብረት ሠሪው እንዲህ ይበሉት፦ ርዝመቱ ከእጀታው ውጭ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ጠርዝ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው። ጀርባውን ለማሳመር ብሎ እንዳያድቦለቡለው ያስጠንቅቁት፤ ድቡልቡል ጀርባ ቀለበቱን ሳይዝ በላዩ ይንሸራተታል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተሠራ ብረት ለዚህ በቂ ነው። ክብደቱ ከነእጀታው ከግማሽ ኪሎ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጣም የቀለለ ጎራዴ ሲመታ ይነጥራል።

ገንዘብዎን የሚያወጡበት ከሆነ በጭራው ላይ ያውጡት። ጭራ ማለቴ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረት ክፍል ነው። ከምላጩ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ እስከ እጀታው መጨረሻ መድረስ አለበት። ለጌጥ የሚሸጡ ጎራዴዎች ብዙዎቹ እጀታቸው ውስጥ በብየዳ የተያያዘ ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው ያላቸው፤ ብየዳው ከተሰበረ ከቡሹ ጋር ጎራዴውም ይበራል።

«እጀታ የምሠራው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት የሠራሁት በበጋው ተሰንጥቆ ላላ። የትኛው እንጨት ይሻላል? በምንስ ልቀባው?» (አናጺ፣ ሰበታ)

ክረምት ላይ የሠራኸው እንጨት እርጥበት ይዞ ነበር፤ በጋ ሲመጣ ደረቀና ተኮማተረ፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም። ጥፋቱ የእንጨቱ ዓይነት ብቻ አይደለም።

ከምናገኛቸው ውስጥ የመጀመሪያ ምርጫችን ወይራ ነው፤ ከባድ፣ ጠንካራ፣ ደቃቅ ሥር (የእንጨቱ የውስጥ መስመር) ያለው ነው፣ ሲወለወልም ያምራል። ዋንዛ ይቀላል፣ ለመሥራትም አይቸግርም፤ ከአሮጌ ዕቃ የተረፈ ቁራጭ ካገኘህ ደግሞ አስቀድሞ የደረቀ ስለሆነ ከአዲሱ ይሻላል። ጽድ መዓዛው ደስ ቢልም ሥሩን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍን ለአጥር ተውለት።

ቁራጩን በ12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሰንጥቀህ፣ ፀሐይ የማይነካውና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጠው። በየሳምንቱ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ከዚያ ሁለቱን ገጽ ከጭራው ግራና ቀኝ ግጠም፤ የእንጨቱ ሥር በርዝመቱ ይሂድ። ለመያዣ ከ11 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ሲያልቅ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቅርጹም ክብ ሳይሆን ሞላላ ይሁን፤ ክብ እጀታ እጅ ውስጥ ስለሚዞር የጎራዴው ጀርባ ወዴት እንደዞረ አይታወቅም።

ማጣበቂያው ኢፖክሲ ይሁን፤ ነጩ የእንጨት ኮላ ብረት አይዝም። ወይራ ቅባት ስላለው ከማጣበቅህ በፊት የሚጣበቀውን ገጽ በአልኮል ጥረገው፣ ብረቱንም በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ፈትገው። ሞርሳ ላይ ስታስረው አታጥብቀው፤ ብዙ ከጠበቀ ማጣበቂያው ተጨምቆ ይወጣና ደረቅ መጋጠሚያ ይቀራል። 24 ሰዓት ተወው። ሦስት የነሐስ ችንካር አስገባበት፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ይሁኑ፣ የመጨረሻዎቹም ከእንጨቱ ጫፍ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ይራቁ፤ ከዚያ ከቀረቡ ስትመታቸው እንጨቱ ይፈነዳል።

ለቅባቱ የተልባ ዘይት። በስሱ ቀብተህ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀረውን ጥረግ፤ በደንብ ሲደርቅ ድገመው፣ እስከ አራት ጊዜ። የምግብ ማብሰያ የፓልም ዘይት አይደርቅም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ቫርኒሽ ደግሞ በረጠበ እጅ ያንሸራትታል። አንድ ነገር በብርቱ እናሳስብህ፦ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ ላይ አትጣል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግተህ አድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

«የወንድሜ ሠርግ ላይ ሦስት ጊዜ መታሁት፣ አልከፈት አለ። በአራተኛው አንገቱ እስከ ትከሻው ተሰባበረ፣ ወይኑም በአረፋ አለቀ። ጠርሙሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር።» (ሚዜ፣ ሱሉልታ)

መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ ከ8 ሰዓት ጀምሮ። የሱሉልታ አየር ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ጠርሙስ ያሞቃል። ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስንጥቁም መስመሩን ይስታል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ አንተ ያለህበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ጠርሙሱ ላይ የሚጨምረው ጫና ትንሽ ነው፤ አረፋው ግን በቀላሉ ይገነፍላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቅዝቃዜው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርግ። ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ አሳድር፤ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ግን አትክተተው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሥነ ሥርዓቱ 40 ደቂቃ ሲቀረው በረዶና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስገባው፤ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ አንገቱ እንዲቀዘቅዝ ቀስ ብለህ በአፉ ድፋው። አውጥተህ በፎጣ አድርቀው። ወርቃማውን ወረቀት ከአንገቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ላጠው። አውራ ጣትህ ቡሹ ላይ እንዳለ ሽቦውን ፍታው፣ ስድስት ግማሽ ዙር ነው፤ ከዚያ ከቀለበቱ በላይ ከፍ አድርገህ መልሰህ እሰረው።

ስፌቱን ወደ ላይ አዙር። ጠርሙሱን ከታች ያዘው፣ አፉ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ሰው ወደሌለበት ይይ። ቡሹ ከነብርጭቆው ብዙ ሜትር ስለሚበር 10 ሜትር ባዶ ይሁን፤ ካሜራ ያዡም ከጎን እንጂ ከፊት አይቁም። የጎራዴውን ጀርባ ትከሻው ላይ አሳርፈህ፣ በስፌቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርገህ አንድ ሁለቴ በቀስታ ወደ ቀለበቱ ግፋው። ሦስተኛው ላይ ፈጠን ብለህ ቀለበቱን አልፈህ ሂድ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ እንጨት ፈላጭ ይመታል፣ ወይም ቀለበቱ ጋ ሲደርስ እጁን ይገታል።

ሦስት ጊዜ አልሆን ካለ ጎራዴውን አስቀምጥና ያንን ጠርሙስ ተወው። እያንዳንዱ ምት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይተዋል፤ አራተኛው የሰባበረብህ ለዚህ ነው። ሁለተኛ ጠርሙስ ይዘጋጅ።

በትክክል ሲቆረጥ ግፊቱ ስብርባሪውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ወደ ወይኑ የሚገባው እምብዛም ነው። ቢሆንም መጀመሪያ የፈሰሰውን ጥቂት ድፋ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆም በብርሃን ተመልከት። አንገቱ ተሰባብሮ ከተከፈተ ግን አይጠጣም። የተቆረጠው አፍ ምላጭ ነውና ማንም በጣቱ አይንካው።

«በአምቦ ውሃ ወይም በቢራ ጠርሙስ ልለማመድ?» (ቡራዩ)

አይሆንም። ብርጭቆው ስስ ነው፣ ቆርኪ የሚይዘው አፍም እንደ ሻምፓኙ አይቆረጥም፤ ይፈነዳል። የሻምፓኝ ጠርሙስ ባዶውን 835 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሸክም የሚችለው ለዚህ ነው። ጉደርና አክሱሚትም አረፋ የሌላቸው ወይኖች ናቸው፣ በመክፈቻ ይከፈታሉ። አልኮል የሌለበትን ለምትጠቀሙ ቤተሰቦች፦ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የእውነት ቡሽና የሽቦ መረብ ያለውን ፈልጉ፤ ፕላስቲክ ክዳን ያለውን በእጅ ክፈቱ።

«የአያታችን ጎራዴ አለ፣ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። በእሱ ብንከፍትስ?» (ሆለታ)

እባካችሁ፣ አይሆንም። የድሮ ጎራዴ ምላጭ ስስ ነው፣ ብርጭቆ ሲመታ ይጎዳል፤ የወይኑ አሲድ ያረጀ ብረት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ቀንዱም እርጥበት ሲደጋገምበት ይላላጣል። ሙሽራው በአፎቱ እንዳለ ይታጠቀው፣ ሻምፓኙን በሌላው ይክፈት። አዳራሹ በር ላይ ፍተሻ ካለ ለኃላፊዎቹ ቀድማችሁ ንገሩ።

አዲሱን ከተጠቀማችሁበት በኋላ በዚያው ምሽት በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ብረቱን በስሱ የማሽን ዘይት ቀቡት። ለማስቀመጥ የቆዳ አፎት ውስጥ አትክተቱት፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በክረምት ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ውስጥ ነው።