ልጆቹን ይዘን የት እንሂድ? የሐዋሳ አንባቢያን ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትመለስ፣ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱት ጥያቄዎችም ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ሐይቁ ዳር ይዞራሉ። የዚህ ሳምንት ጠያቂዎች ሁሉ ማኪያቶ ሳያዝዙ የሚቀመጡበትን ቦታ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

«ሁለቱ ልጆቼ እሑድ እሑድ ሐይቁ ውስጥ ካልዋኘን ይላሉ። ጎረቤቶቼ ግን ቢልሃርዚያ አለበት ይሉኛል። ውሃውን እስካልጠጡ ድረስ ምን ይሆናሉ?» (አንዲት እናት፣ ከአቶቴ)

ጎረቤቶችዎ እውነት ነግረውዎታል። ቢልሃርዚያ ውሃውን ሳይጠጡም የሚይዝ በሽታ ነው፤ የበሽታው ትል እጭ በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ እየዋኘ የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ስለሚገባ፣ እግሩን ብቻ የነከረ ልጅም ሊያዝ ይችላል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት ሣርና ደንገል የበዛበትን፣ ውሃው የተኛበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው፤ ክፋቱ ልጆችም የሚመርጡት ይህንኑ ቦታ መሆኑ ነው። እጩ በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የበሽታው ዑደት የሚቀጥለው የተያዘ ሰው ሰገራ ወደ ውሃው ሲገባ ስለሆነ፣ በዳርቻው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት መኖሩ ከማንኛውም የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይበልጣል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ ከሐይቁ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የጣልንበት ነገር ጠርጎ የሚወስደው አያገኝም። ልጆችዎ ቀድሞውኑ ዋኝተው ከሆነ፣ ወደ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን በጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያስደርጉላቸው፤ በሽታው ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የተባለ የታወቀ መድኃኒት አለው። እሑዳቸውን ግን በጀልባ ቢያሳልፉት እመርጣለሁ፤ ጉማሬ ያለበት ሐይቅ መሆኑንም አይርሱ።

«አሞራ ገደል ስንሄድ ለጦጣዎቹ ሙዝና ዳቦ መስጠት ነውር ነው?» (ተማሪ፣ ከፒያሳ)

ነውር ባይሆንም ጉዳት ነው። ጦጣ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ነገ የሕፃን እጅ ላይ ያለውን ይነጥቃል። ጉሬዛ ደግሞ በተፈጥሮው ቅጠል በል ስለሆነ፣ ሆዱ ለዳቦ አልተሠራም። ነክሶ ወይም ቧጭሮ ያቆሰለው ሰው ቢኖር፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

«ጡረተኛ ነኝ። ሐኪም በእግር ሂድ ብሎኛል፤ ስንት ጊዜና የት?» (አባት፣ ከአላሙራ)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በአምስት ቀን ሲከፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ቦታውን በተመለከተ፣ ጉልበትዎ ደኅና ካልሆነ ታቦር ተራራን ለወጣቶቹ ይተዉላቸውና በሐይቁ ዳር የጎርፍ መከላከያውን ግድብ ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ማለዳ ይጓዙ። በአሞራ ገደል በኩል ካለፉ ደግሞ ዓሣ ሲራገፍ ይደርሳሉ፦ አንዱ ልጅ በእንጨት ላይ የቆሮሶውን ቅርፊት ይገፍፋል፤ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ፣ ራሰ በራው ሽማግሌ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ክንፉን አጥፎ ይጠብቃል፤ አንጀቱ ሲወረወርለት አንገቱን ቀና አድርጎ ይውጠዋል። እኔ ከግማሽ ሰዓቱ አሥር ደቂቃውን እዚያ ቆሜ አባክናለሁ፤ እርስዎ አይከተሉኝ።

«በሰፈራችን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ሜዳ ሊታጠር ነው የሚል ወሬ አለ። ምን ማድረግ እንችላለን?» (የሰፈር ነዋሪዎች)

ወሬውን ትታችሁ ፕላኑን ጠይቁ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የመዋቅር ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ ደንግጓል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ወሰደው?» ሳይሆን «በፕላኑ ላይ ሜዳው ምን ተብሎ ተመዝግቧል?» የሚለው ነው። በአገር ደረጃ ለከተሞች የተያዘው መርሕም ከመሬቱ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ የገባበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ቅጂም በእጃችሁ አስቀሩ። ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ በቃል የተነገረ አቤቱታ ዕድሜው እስከ ምሳ ሰዓት ነው። ሜዳ ለሁሉም ይሁን ማለት ለዚህ ከተማ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ጉዱማሌም የጋራ ሜዳ ነው።

«እህቴ የምትኖረው በሰሜን ካናዳ፣ ኋይትሆርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የምትልክልኝ የመዝናኛ ስፍራዎች ፎቶ ያስቀናል። እኛ ለምን አቃተን?» (ከታቦር)

ቅናቱን እጋራለሁ፣ ግን ይለካ። ኋይትሆርስ 28,000 ገደማ ሕዝብ ይዛ የመዋኛ ገንዳ፣ የበረዶ ሜዳና የቤት ውስጥ መሮጫ ያለው ትልቅ ማዕከል አላት፤ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ2007 ላስተናገደችው የካናዳ የክረምት ጨዋታዎች ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከስድስት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለምትታይባት፣ ጣሪያ ያለው ማዕከል ለእነርሱ ቅንጦት አይደለም። እኛ ዓመቱን ሙሉ ደጅ መዋል የምንችል ሰዎች ጣሪያውን መመኘት አያስፈልገንም። የሚያስቀናው በወንዛቸው ዳር ዞሮ የሚገጥመው 5 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ነው፤ ማንም ሳይከፍል ይሄድበታል። በሐይቃችን ዳርቻም ከአጥር ወደ አጥር ሳይቆራረጥ እንዲህ ያለ መንገድ ቢኖረን፣ የቀረውን ዛፉና ወፉ ይሞሉት ነበር።

«የሦስት ዓመት ልጄን መጫወቻ ቦታ ልወስዳት ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» (ወጣት አባት)

በመጫወቻ ቦታ ጉዳት የሚበዛው ከመውደቅ ስለሆነ፣ አስቀድመህ መሬቱን እይ፤ ከዥዋዥዌውና ከሸርተቴው ሥር ሲሚንቶ ወይም የተጠቀጠቀ አፈር ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ፤ ጥልቅ አሸዋ ይሻላል። የቆርቆሮ ሸርተቴ ጠርዙ የተገለበጠ እንዳይሆን በጣትህ እየዳሰስህ አረጋግጥ። እኔ በአንድ መጫወቻ ቦታ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ይህን ሁሉ አይቼ የቆርቆሮውን ሙቀት ረስቼ ልጄን ለቀቅኋት፤ የጭኗ ቆዳ ለሳምንት ቀልቶ ከረመ። ስለዚህ እርሷ ከመቀመጧ በፊት መዳፍህን አሳርፍበትና እስከ አሥር ቁጠር፤ አንተን ካስነሣህ እርሷንም ያቃጥላታል።