ኢሜይላችሁን ስለሞላው ቆሻሻ፦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነኝ፤ የሰው ኮምፒውተርና ኢሜይል ማስተካከል እንጀራዬ ነው። መብራት እስካለ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የቆሻሻ ኢሜይል ላኪውን ብሎክ ባደረግኩ ቁጥር በሌላ አድራሻ ይመጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ላኪውን ማሳደድ ተወው። አድራሻ መቀየር ለእነሱ ምንም አይደለም፤ የሚታየው የላኪ ስም ራሱ የውሸት ሊሆን ይችላል። ይልቅ ሁሌ የሚደጋግሙትን ሐረግ ያዝ። ጂሜይል ላይ ፊልተር (ኢሜይሉን በራሱ የሚለይ ማጣሪያ) ስትሠራ መጀመሪያ በሐረጉ ፈልግ። ምን ምን እንደሚይዝ አይተህ ነው ፊልተሩን የምትፈጥረው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ፊልተር የሚለውን አጣሁት።

መልስ፦ አታገኚውም፣ አፑ ላይ የለም። ኮምፒውተር ላይ በብሮውዘር ግቢ። ፊልተሩ የሚሠራው ጉግል ሰርቨር ላይ ስለሆነ አንዴ ካበጀሽው ለስልክሽም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፊልተሩ በቀጥታ ዲሊት ቢያደርገውስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እኔ ተቀጥቼበታለሁ። «አስቸኳይ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ እንዲሰርዝ አዝዤ ነበር፤ አጭበርባሪ ሁሉ አስቸኳይ ነው የሚለው። ለካ ብሎኬት አምራቹ ደንበኛዬም አስቸኳይ ይላል። ሰውዬው ጠፋ፣ እኔም ኮራ ብዬ ዝም አልኩ። ከወር በላይ ቆይቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። «ሦስቴ ጻፍኩልህ እኮ!» አለኝ። ትራሽ (የተሰረዘው የሚጠራቀምበት) ውስጥ ብገባ ባዶ ነው። 30 ቀን ሲሞላው ጂሜይል ራሱ ያጠፋዋል። ሥራውን ሌላ ሰው ወስዶታል። አሁን ምንም አላሰርዝም። ኢንቦክስ ሳይገባ «ጥርጣሬ» ወደሚል ሌብል (እንደ ማኅደር ያለ ነው) ይሄድና አርብ ማታ ከቡና ጋር አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ አውትሉክ ላይ ሁለት ሩል (እዚያ ፊልተሩን የሚሉት ነው) ሠርቼ ይጣላሉ።

መልስ፦ ቅደም ተከተላቸውን እይ፣ ከላይ ያለው ይቀድማል። ከዚያ በታች ያሉት እንዳይሠሩ የሚያስቆም ምርጫም አለ።

ጥያቄ፦ አንሰብስክራይብ (ከዝርዝራችሁ አስወጡኝ) የሚለውን ልጫን?

መልስ፦ ራስህ የተመዘገብክበት ከሆነ ተጫን። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉግልና ያሁ፣ ኢሜይል በብዛት የሚልኩ አስተዋዋቂዎች በአንድ ጠቅታ እንዲያስወጡ ያስገድዳሉ። የማታውቀውን ግን አትንካ፤ አድራሻው ላይ ሰው እንዳለ ታረጋግጥለታለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሜሪካ ያለችው ልጄ የምትልክልኝ ስፓም (የቆሻሻ ኢሜይል ማኅደር) ውስጥ ይገባብኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርሷን አድራሻ ላኪ ቦታ ላይ ጽፈው ፊልተር ይሥሩ፤ ወደ ስፓም በፍጹም እንዳይላክ የሚለውን ይምረጡ። ግን ዛሬውኑ ስፓሙን ይዩት፤ እዚያም ከ30 ቀን በላይ አይቆይም። ካስቸገረዎት ቅዳሜ ብቅ እላለሁ። ብሎክዎ ስንት ነበር?